የአንድ ቀን እንግዳ ምን አየሁ ይበል?

ሰው በአንድ አገር ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ውሎ ሲያልፍ ከዚያ አገር ምን ሊያገኝ ይችላል? ለዚያስ አገር ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የሻንጣና የሰዓት ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ግን የዕውቀትና የፍርድ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። መንገደኛ ከሄደበት ሲመለስ ከዕቃው ጋር ወሬም ይዞ ይመጣል፤ ወሬውም ከአፍ ወደ አፍ ሲሸጋገር ይከርምና በመጨረሻ ስለ አንድ ሕዝብ የተሰጠ ምስክርነት ሆኖ ይቀመጣል።

በዛሬው ዘመን የአንድ ቀን እንግዳ በዝቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና መብረር ከጀመረበት ከ1965 ዓ.ም. ወዲህ መንገዱ እየሰፋ ሄዶ፣ ዛሬ ነጋዴውም ተማሪውም የመንግሥት ሠራተኛውም በጓንግዡ ወይም በሻንጋይ ከአንዱ አውሮፕላን ወርዶ በሌላው እስኪሳፈር ድረስ አንዲት ቀን የምትተርፈው ጊዜ አለ። ጓንግዡ እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የተቆጠረባት ከተማ ናት። መንገደኛው 600 ሜትር የሚረዝመውን ግንብ ከሥር ሆኖ ያንጋጥጣል፤ በዕንቁ ወንዝ ዳር ይንሸራሸራል፤ በቻይና ምድር እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት አንዱ የሆነውን የሁዋይሸንግን መስጊድ ከደጅ ይመለከታል፤ የአፍሪካ ነጋዴዎች በሚበዙበት በሺያኦቤይ ሠፈር ምሳውን ይበላል። አገሩ ሲመለስ «ምን አየህ?» ቢሉት «ምኑን አየሁት! በአንድ ቀን የሚዘለቅ ከተማ አይደለም» ይላል። መልሱ እውነት ነው። ትሕትናውም ተገቢ ነው።

ይኸው ሰው በሌላ ጊዜ ለሥራ ወደ ምዕራቡ የአገራችን ዳርቻ ይላካል እንበል። በነቀምት፣ በግምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲና በባምባሲ አድርጎ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አሶሳ ይደርሳል። ጉዳዩ ከድንበሩ ከኩርሙክ ነው፤ መኪናው ግን የሚነሣው በማግሥቱ ነውና አንዲት ሙሉ ቀን በእጁ ላይ ትወድቃለች። በአውራው መንገድ ወጥቶ ይወርዳል። የታወቀውን የአሶሳ ማንጎ ይገዛል። ሙቀቱን ያማርራል። ገና ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ «አሶሳን ጨረስኳት» ብሎ አልጋው ላይ ጋደም ይላል።

እንግዲህ ጓንግዡን በአንድ ቀን መጨረስ አልችልም ያለ ዐይን አሶሳን በግማሽ ቀን የጨረሰው በምን ኃይሉ ነው? የዐይኑ ጉልበት አልጨመረም፤ የሰውዬው ቋንቋ የማወቅ ችሎታም አልተለወጠም። እንዲያውም በርትኛ ለእርሱ ከቻይንኛ ያልተናነሰ እንግዳ ነው። የተለወጠው መስፈርቱ ነው። በጓንግዡ በፎቁ ብዛት ተደቁሶ አለማወቁን አመነ፤ በአሶሳ የሚያስደነግጠው ፎቅ ሲያጣ የማያውቀው ነገር ያለ አልመሰለውም። ይህ ስሕተት የአንድ መንገደኛ ብቻ አይደለም። ትንሽ የሚባል አገር ሁሉ የሚጎዳው በዚሁ ነው፤ ትልቁን ከተማ የሚያየው እንግዳ ለመማር ሲሞክር፣ ትንሹን የሚያየው እንግዳ ለመፍረድ ይቸኩላል።

የችኩል እንግዳ ፍርድ ደግሞ በወሬነት ብቻ አይቀርም፤ ስም ሆኖ ይተከላል። ክልሉ ከሚጠራባቸው ሁለት ስሞች አንደኛው ለዚህ ምስክር ነው። ታሪክ ጸሐፍት እንደሚገልጹት «ቤኒ ሻንጉል» የሚለው ስም መነሻው «ቤላ ሻንጉል» ነው። «ቤላ» በበርታ ቋንቋ ድንጋይ ማለት ሲሆን፣ ስሙም በመንጌ አካባቢ ከሚገኝ አንድ የተከበረ ድንጋይ ጋር የተያያዘ ነው። የዐረብኛ ተናጋሪው ጆሮ ግን «ቤላ»ን በሚያውቀው በራሱ ቃል ለውጦ «ቤኒ» አለው፤ ይኸውም «የእገሌ ልጆች» እንደ ማለት ነው። ድንጋዩ ጎሣ ሆነ። የበርታ ሕዝብ ቋንቋም ለረጅም ጊዜ «ሩጣና» ሲባል ኖሯል። ሩጣና በሱዳን ዐረብኛ የአንድ ቋንቋ መጠሪያ አይደለም፤ ዐረብኛ ያልሆነ፣ ለሰሚው የማይገባ አነጋገር ሁሉ የሚጠራበት ቃል ነው። ያልገባው እንግዳው ሆኖ ሳለ፣ አለመግባቱ በባለቤቱ ላይ ስም ሆኖ ተለጠፈ። ከደጋው የወረደው መንገደኛም ከዚህ የተሻለ አልሠራም፤ በርታውን፣ ጉሙዙን፣ ማኦውንና ኮሞውን ለይቶ ሳይጠይቅ በአንድ የንቀት ስም ጠቅልሎ ሲጠራቸው ለብዙ ዘመን ኖሯል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የተዘጋጀች አንዲት ወጥመድ ደግሞ አለች። የበርታ ሕዝብ ከቅል ቁርጥራጭ እርስ በርሱ እየተሰካካ የሚሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ አለው፤ ስሙ «ዋዛ» ነው። አማርኛ ተናጋሪው ይህን ሲሰማ ቀልድና ፈዛዛ ትዝ ይለዋል። በባለቤቶቹ ዘንድ ግን ዋዛ ቀልድ አይደለም፤ ከአዝመራ ጋር የተያያዘ፣ በወቅቱ የሚነፋ፣ ክብር ያለው ነገር ነው። አነፋፉም ልዩ ነው። አሥር፣ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ነፊዎች መጠኑ የተለያየ ዋዛ ይይዛሉ፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አንዱ ነፊ ብቻውን ዜማ የለውም። ዜማው የሚገኘው ሁሉም ተራቸውን ጠብቀው ድምፃቸውን አንዱ በሌላው መካከል ሲያስገቡ ነው። እንግዲህ በአጠገባቸው ሲያልፍ አንዱን ዋዛ ብቻ ሰምቶ የሄደ ሰው «የበርታ ሙዚቃ አንድ ድምፅ ብቻ ነው» ብሎ ቢያወራ፣ የሰማውን በትክክል ተናግሯል፤ ሆኖም ሐሰት ተናግሯል። የአንድ ቀን እንግዳ ፈተና ይህ ነው። በሐሰት ሳይመሰክር ሐሰት ሊያስፋፋ ይችላል።

ወደዚህ ምድር በአንድ ፍላጎት ብቻ ተነድቶ የመጣ ሰው ደግሞ ዐይኑ ከዚያ ፍላጎት አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ልጅ እስማኤል ጦር ይዞ በዓባይ ሽቅብ ወደ ፋዞግሊና ወደ በርታ ምድር የዘለቀው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር። ከጦሩ ጋር የነበረው ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ካዮ ያየውን ጽፎ አሳትሟል፤ ያየው ግን ከወታደር ጀርባ ሆኖ ነው። ሰው ጦር ሲመጣበት ሸሽቶ ተራራ ላይ ይወጣል፤ የሸሸ ሰው ደግሞ አኗኗሩን ለእንግዳ አያሳይም። ዛሬ ጦሩ ባይኖርም በአንድ ነገር ብቻ የመመልከት ልማድ አልጠፋም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ምክንያት ክልሉ ለብዙ ሰው ጉባ፣ ጉባም 145 ሜትር ከፍታና 1,780 ሜትር ርዝመት ያለው ግንብ ብቻ ሆኗል። የግንቡ ታላቅነት አይካድም። ነገር ግን ውሃው በተኛበት መሬት ላይ የሚያርሱ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ሬሳቸውን የሚቀብሩ የጉሙዝ ቤተሰቦች ነበሩ። ግድቡን ጎብኝቶ እነርሱ ወዴት ሄዱ ብሎ ያልጠየቀ እንግዳ ያየው የነገሩን ግማሽ ነው።

በአንድ ቀን ዕይታ ከተሰጡ ፍርዶች ሁሉ ከባዱ ምናልባት «ባዶ መሬት» የሚለው ነው። የጉሙዝ ገበሬ በጥንቱ ሥርዓቱ አንዱን መሬት ለጥቂት ዓመታት ያርስና ያሳርፈዋል፤ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ያረፈው መሬት ሲያገግም ተመልሶ ይይዘዋል። ያረፈው መሬት ዱር ይመስላል። ለባለቤቱ ግን የነገ ማሳ ነው። ይህን ለመረዳት አንድ ቀን አይበቃም፤ ዓመታት ይጠይቃል፤ አለዚያም ባለቤቱን መጠየቅን ይጠይቃል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ መንግሥት ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ አሶሳና ወደ መተከል ወደ ፓዌ ሲያጓጉዝ፣ መሬቱ ሰፊና ያልተያዘ ነው ተብሎ ነበር። ሰፋሪው ከረሃብ ሲሸሽ በወባ ተመታ፤ ብዙውም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አለቀ። ባለመሬቱ ደግሞ ያሳረፈው ማሳ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ አገኘው። ሁለቱም ወገኖች ዕዳውን የከፈሉት ሌላ ሰው በችኮላ ባየው ዕይታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 በኋላ በካማሺና በመተከል በተነሡት ግጭቶች ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦች ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ተፈናቅለዋል። ያን ሁሉ በአንድ ምክንያት ማስረዳት አይቻልም። ሆኖም አንዱ ሌላውን በሩቁ በጅምላ ሲጠራ መኖሩ ለዚያ ጥፋት መንገድ እንዳልዘጋ ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። «ሰው ሁሉ ጠንቅቆ እስኪያውቅ ድረስ ዝም ይበል ከተባለ ማን ይናገራል? ነዋሪውስ ቢሆን የለመደውን ነገር ያያልን? የእንግዳ ዐይን ትኩስ በመሆኑ ባለቤቱ የዘነጋውን ያስተውል የለምን?» ይባላል። እርግጥ ነው። ነዋሪነት ብቻውን ዕውቀት አይሆንም። ለዚህ ከአዲስ አበባ የተሻለ ማስረጃ የለም። በዚያች ከተማ ሸጎሌ የሚባል ሠፈር አለ፤ ስሙ የመጣው በምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ ከመጡት ከአሶሳው ገዥ ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ነው። በየቀኑ «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያለ ከሚጣራው የታክሲ ረዳትና ከሚሳፈረው ሰው መካከል አሶሳን እየጠራ መሆኑን የሚያስብ ስንቱ ነው? ዕድሜውን ሁሉ በአንድ ሠፈር ኖሮ መንገደኛ ሆኖ የሚቀር አለ። እንግዲህ ልዩነቱ ያለው በቀኑ ቁጥር ላይ ብቻ ሳይሆን በአያያዙም ላይ ነው ማለት ነው።

ከአያያዝ የመጣ ፍሬ ደግሞ በዚሁ ምድር ታይቷል። የሆላንድ ተወላጁ ሁዋን ማሪያ ሹቨር እ.ኤ.አ. ከ1881 ጀምሮ ያለ ጦር በበርታና በአጎራባች ምድር ሲዘዋወር ከየመንደሩ ሰው ጋር እየተቀመጠ ቃላትና ልማድ መዝግቧል። ኢጣሊያዊው የታሪክ ተመራማሪ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚም እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን አካባቢ ታሪክ ሲጽፍ የሽማግሌዎችን አንደበት እንደ ምንጭ ተጠቅሟል። ሁለቱም የአንድ ቀን እንግዶች አልነበሩም። የሠሩበት መንገድ ግን ለአንድ ቀን እንግዳም ይሆናል፤ መጠየቅና የተነገረውን ከነተናጋሪው መያዝ ነው።

ታዲያ በአሶሳ አንዲት ቀን ያለው ሰው ምን ያድርግ? አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉና በመጀመሪያ ሩጫውን ይተው። አሥር ቦታ ከመርገጥ አንድ ቦታ ይቀመጥ። የገበያ ቀን ከሆነ ከአንድ ሻጭ ዘንድ ቆሞ፣ የሚሸጠውን ነገር ምንነት፣ ከየት እንደመጣና በምን ወቅት እንደሚገኝ ይጠይቅ፤ የቀርከሃ ቡቃያ እንደሚበላ የሚማረው ያን ጊዜ ነው። የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ቢቀርብለት ከሌሎቹ ጋር እኩል እጁን ይስደድ። ሰላምታውን በአገሩ ቋንቋ ያጥና፤ አጥንቶም ቢሳሳት ይሳቅበት። ፎቶግራፍ ከማንሣቱ በፊት ያስፈቅድ። «ብሔርህ ምንድን ነው?» ከማለቱ በፊት የራሱን ስምና የመጣበትን አገር ይናገር፤ እንግዳ ራሱን ሳያስተዋውቅ ባለቤቱን የሚመረምርበት ሥርዓት በየትም አገር የለምና። አንድ የቦታ ስም መርጦ ትርጉሙን ይጠይቅ። ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ መልስ ቢሰጡት አይበሳጭ፤ አንዲት ቀን ልታስተምረው ከምትችለው ሁሉ ትልቁን ትምህርት አግኝቷልና።

በዚህ ዓይነት የዋለ ሰው ከተማይቱን አላወቃትም። ከአንድ ሻጭ ጋር ተዋውቋል፤ የአንድ ስም ትርጉም ሰምቷል፤ የአንድ ምግብ ጣዕም ያውቃል። ይህ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የራሱ ነው፤ ሲያወራውም ማንንም አይበድልበት። የጓንግዡም የአሶሳም መንገደኛ ሲመለስ ሊያወራ የሚገባው በዚሁ ልክ ነው። «አንድ ቀን ዋልኩ፤ ይህን በዐይኔ አየሁ፤ ይህን ደግሞ እገሌ የሚባል ሰው ነገረኝ፤ የቀረውን የአገሩን ሰው ጠይቁ» ቢል፣ አድማጩን አላሳሳተም፤ ያሳደረውንም አገር አላዋረደም። እንጀራ ቆርሶ፣ ውሃ አቅርቦ፣ መንገድ አሳይቶ ለሸኘው ሰው እንግዳ የሚከፍለው ዋጋ በእውነት መመስከር ነው፤ እውነተኛ ምስክር ደግሞ ያላየውን አላየሁም ይላል።