አማካይ ሙቀት በእርግጥ አለ?

በኅዳር የአዲስ አበባ ሰማይ ጥርት ያለ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ሙቀቱ 23 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል፤ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ወደ 7 ይወርዳል። በሐምሌ ደመናው ከተማዋን ሸፍኖ ስለሚውል ቀኑ ከ20 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ሌሊቱም ከ10 ብዙ አይወርድም። የየወሩ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል ግን የሁለቱም ውጤት 15 ዲግሪ ገደማ ነው። በኅዳር ቀትር ጥላ ፍለጋ መንገድ የሚሻገረው፣ ሲመሽ ጋቢ የሚደርበው ሰው እና በሐምሌ ካፖርቱን ሳያወልቅ የሚውለው ሰው በወረቀት ላይ የሚኖሩት በአንድ ዓይነት አየር ውስጥ ነው። ታዲያ 15 ዲግሪ የተባለው ነገር የት ነው ያለው? ይህ የሜትሮሎጂ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከብዙ ነገሮች ተውጣጥቶ የተገኘ አንድ ቁጥር በዓለም ላይ ያለን ነገር ይናገራል ወይስ የአእምሮ ፍጥረት ብቻ ነው የሚለው የቆየ ክርክር በዚህ ትንሽ ቁጥር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገኛል።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚወለድ ማየት ይጠቅማል። የአየር ሙቀት የሚለካው ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍ ብሎ በሚቆም፣ ነጭ ቀለም በተቀባ፣ አየር እንዲያሳልፍ ሆኖ ጎኑ በተሰነጣጠቀ ሣጥን ውስጥ ነው። በተለመደው አሠራር በሣጥኑ ውስጥ ሁለት ቴርሞሜትሮች ይጋደማሉ። የዝቅተኛው ቴርሞሜትር በአልኮል የተሞላ ሲሆን በፈሳሹ ውስጥ ቀጭን ጠቋሚ አለች። ሌሊት አልኮሉ ሲኮማተር ጠቋሚዋን እየጎተተ ይወስዳታል፤ ረፋዱ ላይ መልሶ ሲሰፋ ግን እሷን ባለችበት ትቶ ያልፋል። ስለዚህ ጠዋት የሚመጣው ለካኝ ሌሊቱ የት ድረስ እንደወረደ ጠቋሚዋ ከቆመችበት ላይ ያነባል። የከፍተኛው ቴርሞሜትር በሜርኩሪ ይሠራል፤ ቱቦው አንድ ቦታ ላይ ስለጠበበ ሜርኩሪው አንዴ ከወጣ ካልተራገፈ በቀር አይመለስም። መሣሪያዎቹ የሚያውቁት እንግዲህ ሁለቱን ጫፎች ነው። መካከሉን ያነበበ ማንም የለም፤ እሱ የሚገኘው መዝገቡ ላይ ሒሳቡ ሲሠራ ነው።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ አማካዩ የለም ብሎ መደምደም መቸኮል ይሆናል። በኅዳር አንድ ቀን ውስጥ ሙቀቱ ከ7 ወደ 23 ሲወጣና መልሶ ሲወርድ 15 ዲግሪን ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ አንዴ ረፋዱ ላይ፣ አንዴ ምሽት ላይ። አማካዩ የሚያልፉበት ቦታ እንጂ የሚቀመጡበት አይደለም። ሐምሌ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ለረጅም ሰዓት ከዚሁ ቁጥር አጠገብ ይቆያል። አንድ ቁጥር በአንዱ ወር መንገድ፣ በሌላው ወር ማረፊያ ከሆነ፣ ቁጥሩን ብቻ የነገረን ሰው ስለ ወሩ ጠባይ የነገረን ጥቂት ነው።

የልዩነቱ ምክንያት የሚታወቅ ነው። ደመና በቀን የፀሐይን ጨረር ይመልሳል፤ በሌሊት ደግሞ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ይዞ ያስቀራል። በበጋ ሰማዩ ሲገለጥ፣ አየሩም ደረቅ ሲሆን ምድር ቀን የተቀበለችውን ሌሊት ያለ ከልካይ ትለቃለች። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ መሆኑ ይህን ያባብሰዋል። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ የቀኑ ርዝመት በዓመት ውስጥ የሚለዋወጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ የፀሐይዋም ኃይል ከወር ወር እጅግ አይራራቅም። ስለዚህ የወራቱ አማካይ ሙቀት እርስ በርስ የሚበላለጠው በጥቂት ዲግሪ ሲሆን፣ በአንድ የኅዳር ቀንና ሌሊት መካከል ያለው ልዩነት ግን ወደ 16 ይጠጋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ነገሩ ይገለበጣል፤ በዚያ የጥርና የሐምሌ አማካይ ሙቀት ልዩነት ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። እዚያ ዓመቱ የሚሠራውን የኢትዮጵያ ደጋ በአንድ ሌሊት ይሠራዋል ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያ ወቅቶች በዋናነት በብርድና በሙቀት ሳይሆን በዝናብ መለየታቸውም ከዚህ የተነሣ ነው።

አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ስለ መካከለኛነት ሲጽፍ ሁለት ዓይነት መካከል እንዳለ ለይቷል። አንደኛው የነገሩ መካከል ነው፤ በ10 እና በ2 መካከል ያለው 6 ለሁሉም ሰው አንድ ነው። ሁለተኛው ለእኛ የሚሆነው መካከል ነው። ምሳሌውን ከምግብ ወስዶ፣ በጥንቱ የክብደት መለኪያ 10 ምናን ለአንድ ሰው ቢበዛና 2 ምናን ቢያንስ አሠልጣኙ 6 ምናን አያዝም ይላል፤ ለታጋዩ ሚሎ ያ ጥቂት ነው፣ ልምምድ ለጀመረ ሰው ደግሞ ብዙ ነው። የወቅት አማካይ ሙቀት የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በትክክል የተሠራ ሒሳብ ነው፤ ለገብስ፣ ለሕፃን ወይም ለበግ የሚስማማው ስንት እንደሆነ ግን አይናገርም። በ1835 እ.ኤ.አ. ቤልጅጋዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ይህን ልዩነት ደፍጥጦ አለፈው። የሰዎችን ቁመትና ሌላም መለኪያ ሰብስቦ «አማካይ ሰው» የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ አማካዩን እውነተኛው አርአያ፣ እያንዳንዱን ሰው ደግሞ ከአርአያው ጥቂት የሳተ አድርጎ ተመለከተ። ስለ አየር ሲነገር የዚህ ሐሳብ ጥላ እስከ ዛሬ አለ። ቀዝቃዛው ሌሊት ከ«ትክክለኛው» ሙቀት የወጣ ተደርጎ ይወራል፤ ወሩን ግን የሠሩት እነዚያው ቀዝቃዛ ሌሊቶችና ሞቃት ቀኖች ናቸው።

በሃይማኖት በኩል ያለው አመለካከት ከኬትሌ ጋር አይገጥምም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 8 መጨረሻ ላይ ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ የተሰጠው ተስፋ በጥንድ የተቆጠረ ነው፤ የዘርና የመከር ጊዜ፣ ብርድና ሙቀት፣ በጋና ክረምት፣ ቀንና ሌሊት። ተስፋው እነዚህ እየተፈራረቁ እንደሚቀጥሉ ነው። ብርዱ ምን ያህል፣ ሙቀቱስ ስንት እንደሚሆን ልክ አልተቆረጠለትም። ይህ ዝምታ ትኩረት ይገባዋል። አማኝ ሰው ከተፈጥሮ የሚጠብቀው መፈራረቁን ነው ማለት ነው፤ በሒሳብ የተገኘ መካከል ግን በቃል ኪዳኑ ውስጥ የለም። የሠለስቱ ደቂቅ መዝሙርም እንዲሁ ነው። ብርድንና ሙቀትን፣ ጤዛንና አመዳይን፣ ሌሊትንና ቀንን በየስማቸው ለምስጋና ይጠራል፤ አንዱ ሌላውን አጣፍቶ የሚገኝ ለዘብተኛ ነገር አይጠራም።

ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የተገኘው መጽሐፈ ሄኖክ ነገሩን ወደ ልኬት ያቀርበዋል። በምዕራፍ 72 ፀሐይ በስድስት የምሥራቅ በሮች ወጥታ በስድስት የምዕራብ በሮች ትገባለች፤ ቀንና ሌሊቱ በ18 ክፍል ይመደብና ቀኑ እጅግ ሲረዝም 12 ክፍል፣ ሌሊቱ 6 ይሆናል። ይህ ሁለት ለአንድ የሆነ ልክ ከኢትዮጵያ ሰማይ ይልቅ ወደ ሰሜን በጣም ርቆ ለሚገኝ አገር ይቀርባል። ለዚህ ጥያቄ የሚጠቅመው ግን የእኩሌታው አያያዝ ነው። ዘጠኝ ለዘጠኝ የሚሆንበት ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ መጽሐፉ ያንን ከሌሎቹ ቀኖች አስበልጦ የዓመቱ እውነተኛ መልክ አያደርገውም። ፀሐይ ታልፍበታለች እንጂ አትቆምበትም።

የአማካዩ ጉድለት በግልጽ የሚታየው ውርጭ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ የወሩ አማካይ ሙቀት ከዜሮ ርቆ እያለ አንዳንድ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ሰማዩ ከተገለጠና ነፋስ ከሌለ ከባዱ ቀዝቃዛ አየር ተዳፋቱን ተከትሎ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ከሣሩ ጫፍ ላይ ያለው ሙቀት በሣጥኑ ውስጥ ካለው በበርካታ ዲግሪ ሊያንስ ስለሚችል፣ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በላይ እያለ ቅጠሉ ላይ አመዳይ ይጋገራል። አበባ ላይ ያለ ባቄላ በአንድ እንዲህ ያለ ሌሊት ጠቁሮ ያድራል። የቀሩት 29 ሌሊቶች ቢሞቁ ለዚያ ማሳ የሚመልሱለት ነገር የለም። ረባዳው ላይ ውርጭ የሚፈራውን ሰብል የማይዘራ ገበሬ የወሩን አማካይ ባያሰላም ስለ ሌሊቱ የሚያውቀው ትክክል ነው።

ያም ሆኖ አማካዩን መጣል አይቻልም፤ ማንም በአካሉ ሊያየው የማይችለውን ነገር የሚያሳየው እሱ ብቻ ነውና። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት የአንድን ቦታ የአየር ጠባይ የሚገልጸው በ30 ዓመት አማካይ ነው፤ አሁን ያለው መነሻ ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያለው ዘመን ሲሆን በየ10 ዓመቱ ይታደሳል። የአንድ ብርዳማ ሌሊት ትዝታ ስለ 30 ዓመት አይመሰክርም፤ አንድ ሞቃት ቀንም እንዲሁ። በ20ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በአብዛኛው የዓለም ክፍል የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ከቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ፈጥኖ መጨመሩ የታወቀውም ረጅም መዝገብ ስለተያዘ ነው። ግን ይህንኑ ያሳየው ከፍተኛውና ዝቅተኛው ለየብቻቸው ተይዘው በመቆየታቸው ነው። አማካያቸው ብቻ ቢቀር ኖሮ መሞቁ ይታወቅ ነበር፤ የሞቀው በይበልጥ ሌሊቱ መሆኑ ግን ይጠፋ ነበር።

ሁለቱ አብረው ካልተያዙ መልስ የማያገኝ አንድ ጉዳይ በደጋው ድንበር ላይ ያለው ወባ ነው። ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሐዋሲ በትንኟ ሰውነት ውስጥ ዕድገቱን የሚጨርሰው ሙቀት ሲያገኝ ነው፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ከሚሆን አማካይ በታች ዕድገቱ ይቆማል ተብሎ ሲሠራበት ቆይቷል። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው እንደሚወጣም በጥናት ታይቷል። እስከዚህ ድረስ አማካዩ በቂ ይመስላል። ይሁን እንጂ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የቤተ ሙከራ ጥናት፣ አማካዩ ዝቅተኛ በሆነበት ቦታ የቀንና የሌሊት መለዋወጡ ራሱ የተሐዋሲውን ዕድገት እንደሚያፋጥን፣ አማካዩ ከፍተኛ በሆነበት ደግሞ እንደሚያዘገይ አሳይቷል። ስለዚህ እኩል አማካይ ያላቸው ሁለት መንደሮች፣ አንዱ ሰማዩ ገላጣ ሌላው ደመናማ ቢሆን፣ ለወባ ያላቸው ተጋላጭነት እኩል አይሆንም።