የልጃችሁ አፍ እናንተ ናችሁ

ልጆቼ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ ደቻቱን ተሻግሮ ቀፊራ ገበያ የገባ ሰው ማን ወደ ውጭ ሊሄድ እንደተነሳ ከዘንቢሉ ያውቃል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ አብሹ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ዕጣኑ፣ ኩሉ ተደርድሯል። ሕፃን የያዘች እናት ከሆነች ደግሞ ምክሩ ከሸቀጡ ይበልጣል፤ አንዷ በኦሮምኛ፣ አንዷ በሶማልኛ፣ ሌላዋ በአማርኛ፣ ለሆዱ ይህን፣ ለጉንፋኑ ያንን ይዘሽለት ሂጂ ይሏታል። ደጎች ናቸው፤ ፍቅራቸውን ተቀበሉ። እኔ የምላችሁ ግን ሌላ ነው። ሕፃን የራሱን ታሪክ አይናገርም። ምን እንደተከተበ፣ ምን እንደተቀባ፣ የት እንደከረመ ለማያውቀው ሐኪም የምትነግሩለት እናንተ ብቻ ናችሁ። እዚህ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ነርሷ ታውቃችኋለች፣ እሷ ብትረሳ ጎረቤት ያስታውሳል። እዚያ የሚያስታውስላችሁ የለም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የክትባት ካርዱ። ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፤ ከፓስፖርቱ ጋር በእጃችሁ ያዙት። በአገራችን ሕፃን እንደተወለደ ቢሲጂና ፖሊዮ ያገኛል፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ፔንታውንና የሳንባ ምቹን፣ በ6 እና በ10 ሳምንቱ ደግሞ የሮታውን ይከተባል፤ በ9 ወሩ ኩፍኝ፣ በ15 ወሩ ሁለተኛው ኩፍኝ ይከተላል። በየትኛውም አገር የማያሳፍር መነሻ ነው። ችግሩ ያለው ቀኑ ላይ ነው። ነሐሴ 2015 የተወለደ ልጅ ጥቅምት 15 ቀን 2016 ሲከተብ ነርሷ 15/2/2016 ብላ ትጽፋለች። ቶሮንቶ ያለው ሐኪም ይህን ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2016 ብሎ ያነበዋል። ፓስፖርቱን ሲያይ ደግሞ ልጁ የተወለደው በ2023 ነው። ከመወለዱ ሰባት ዓመት በፊት የተከተበ ልጅ በየትም የለምና ካርዱን ወደ ጎን ያደርገዋል፤ ልጃችሁም የተወጋውን ሁሉ እንደገና ሊወጋ ይችላል። ትክክለኛው ቀን በእነሱ አቆጣጠር ኦክቶበር 26 ቀን 2023 ነበር። ድጋሚ መርፌው አይጎዳውም፤ ግን ያንን ሁሉ ለቅሶ በአንድ ወረቀት ማስቀረት እየተቻለ ለምን?

ጉዟችሁ ሳይደርስ ወደተከተበበት ጤና ጣቢያ ሂዱና በእንግሊዝኛ፣ በፈረንጆቹ ቀን፣ ማኅተም ተደርጎበት እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ቀኖቹን አንድ በአንድ ራሳችሁ አመሳክሩ። ስሙንም እዩ፤ ካርዱ ላይ በቤት ስሙ የተመዘገበ፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ስም ያለው ልጅ ብዙ ነው። ብዙ አገሮች ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ የቢጫ ወባ ካርድ ይጠይቃሉ፤ ክትባቱ ደግሞ ከ9 ወር በታች ላለ ሕፃን በወትሮው አይሰጥም። ስለዚህ የልጁን ዕድሜ ጠቅሳችሁ የምትሄዱበትን አገር ኤምባሲ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ክንዱ ላይ ስላለው የቢሲጂ ጠባሳም ንገሩ። አሜሪካና ካናዳ ይህን የቲቢ ክትባት ለሁሉም ሕፃን አይሰጡም። በቆዳ ላይ የሚደረገው የቲቢ ምርመራ በቢሲጂ ምክንያት ሊያብጥና ሊያስደነግጣችሁ ይችላል፤ በደም የሚደረገው ግን አይሳሳትበትም። የደሙን ምርመራ መጠየቅ ትችላላችሁ።

አሁን ልቤን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። አሜሪካ ከ12 ወር በፊት የተሰጠውን የኩፍኝ ክትባት አይቆጥረውም፤ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ገና ሰውነቱ ውስጥ ስላለ የክትባቱን ኃይል ሊቀንሰው ይችላልና። ስለዚህ ልጃችሁ ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን በአንድ ላይ የሚከላከለውን መርፌ ተከተብ ሲባል፣ ተከትቧል ብላችሁ አትከራከሩ። እምቢም አትበሉ። ሚኒሶታ ውስጥ የሆነውን ስሙ፤ እዚያ ያሉት የሶማሌ ቤተሰቦች ከእኛው መንደር የሄዱ፣ ወይም የእኛ ሰው ዘመዶች ናቸው። አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1998 እ.ኤ.አ. በ12 ልጆች ላይ ብቻ የተመሠረተ ጽሑፍ ላንሴት በተባለው መጽሔት አውጥቶ ይህን ክትባት ከኦቲዝም ጋር አያያዘው። መጽሔቱ ጽሑፉን በ2010 ሰረዘው፤ ሰውየውም የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ። ወሬው ግን ቀደመ። ሚኒሶታ በተወለዱ የሶማሌ ልጆች ዘንድ የሚከተበው ከ92 በመቶ ወደ 42 በመቶ ወረደ። በ2017 ኩፍኝ ገባና 75 ሰው ያዘ፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ሕፃናት ነበሩ። እነዚያ እናቶች ክፉዎች አልነበሩም። ልጄ ለምን አይናገርም ብለው ጠይቀው አጥጋቢ መልስ የሚሰጣቸው አጥተው፣ መልስ አለኝ ያላቸውን አመኑ። እናንተም የምትፈሩት ነገር ካለ ፍርሃታችሁን ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት፤ በዋትሳፕ ከመጣላችሁ ድምፅ ይልቅ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ይመልስላችሁ።

ለመናገር ደግሞ ቋንቋ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ አማርኛውም ኦሮምኛውም ሶማልኛውም በስልክ ይገኛል። አትፈሩ፣ ጠይቁ። ትልቁን ልጃችሁን ለትንሹ አስተርጓሚ አታድርጉት፤ የእናቱን ጭንቀት ሊሸከም አይገባውም።

ስለ ኩሉ አልደብቃችሁም። የሕፃን ዓይን መኳል እናቶቻችን ያወረሱን ነው፤ ዓይኑን ያሰፋል፣ ከቡዳ ይጠብቃል ይባላል። ነገር ግን ብዙው ኩል እርሳስ የሚባለው ብረት ካለበት ድንጋይ የሚፈጭ ነው። ሕፃኑ ዓይኑን አሽቶ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፤ እርሳሱ ደሙ ውስጥ ገብቶ አእምሮውን ይጎዳል፤ የተጎዳው ደግሞ ተመልሶ አይጠገንም። ስለዚህ ኩሉን ለልጅ አትውሰዱ፤ እዚህም አትኳሉት። እስከ ዛሬ ተኩሎ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ሳታፍሩ ንገሩና ደሙ ይመርመር። እዚያ እንዲህ የሚያደርግ የለም ተብሎ፣ ሳትሄዱ እንጥሉን አስቆርጡት፣ የወተት ጥርሱን አስነቅሉት የሚል ዘመድም ይመጣል። አይሆንም በሉ። ሴት ልጅን ማስገረዝ በአገራችንም በምትሄዱበትም ወንጀል ነው፤ በዕረፍት ስም ይዟት መጥቶ ማስገረዝም እንደዚያው። ከአገር ቤት ማር ብትይዙም ሕፃኑ አንድ ዓመት ሳይሞላው አይቅመስ።

ድሬዳዋ ፀሐይ ለምነን አናውቅም፤ እንሸሸዋለን እንጂ። ስቶክሆልም ወይም ሚኒያፖሊስ ክረምቱን የከረመ ሕፃን ግን ወራት ሙሉ በቂ ፀሐይ ቆዳው ላይ አያርፍም። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ከነጩ የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል። በጡት ብቻ የሚያድግ ልጅ በየቀኑ 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ በጠብታ ያስፈልገዋል፤ ካላገኘ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል። በመስኮት በኩል ማሞቅ አይተካውም፤ መስታወቱ የሚፈለገውን ጨረር አያሳልፍም። የእናቴ ልጆች ያለ ጠብታ አድገዋል የምትሉ ካላችሁ፣ ያደጉት ቀፊራ ፀሐይ ላይ ነው።

በመኪና ስትሄዱ ወፍራም ካፖርቱን አውልቁለት፤ በካፖርቱ ላይ የታሰረ ቀበቶ በግጭት ጊዜ ይላላል። እሰሩትና ከላይ ብርድ ልብስ አልብሱት። አውሮፕላኑ ሲነሳና ሊያርፍ ሲወርድ ጡት ስጡት፣ ጆሮው ይከፈታል። እንዲተኛ ብላችሁ ግን ሽሮፕ አታጠጡት።

እናት ሆይ፣ ስለ ራስሽም ተናገሪ። እዚህ አራስ ገንፎ የሚያገነፋላት፣ ልጁን የሚቀበላት ሞልቷል። እዚያ ባል ሥራ ሲውል ከሕፃን ጋር ብቻሽን በበረዶ ተከበሽ ትውያለሽ። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ልጁን ማየት ካስጠላሽ፣ ለቅሶ ያለ ምክንያት ከመጣ፣ የልጁ ሐኪም ስለ ስሜትሽ ሲጠይቅሽ ደህና ነኝ ብለሽ አትለፊው። ሕመም ነው፣ ይታከማል።

አንድ ቀን ለዕረፍት ትመጣላችሁ፤ ይህንም ከአሁኑ ያዙት። ውጭ ያደገ ልጅ የእኛን ወባ የሚቋቋምበት አቅም የለውም። ድሬዳዋ ትንኝ የምታስተላልፋቸውን በሽታዎች፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ደንጊን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን አይታለች። በ2022 ወባ ሲነሳ ከእስያ የመጣችው፣ በ2012 ጅቡቲ ላይ፣ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ አለችበት ተባለ። በርሜልና ሮቶ ውስጥ በምናጠራቅመው ውኃ ትራባለች። የደንጊዋ ትንኝ ደግሞ ቀን ነው የምትነክሰው፤ ስለዚህ ልጁ ቀን ሲተኛም አጎበር ይዘርጋለት፣ የአያቱ በርሜል ይከደን። ሳትነሱ ሐኪማችሁን ስለ ወባ መከላከያ መድኃኒት ጠይቁ፤ ልጁ ከ6 እስከ 11 ወር ከሆነ የኩፍኝ ክትባቱ ለጉዞው ተቀድሞ ይሰጠዋል። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ወራት ቢያልፉም ጭምር፣ ቢያተኩሰው ከድንገተኛ ክፍሉ በር ጀምራችሁ ከኢትዮጵያ፣ ከድሬዳዋ መጥተናል በሉ፤ የመጣችሁበትንም ቀን ንገሩ። ሐኪሙ ወባ ላይታወሰው ይችላል። ደሙ ይመርመር፤ የመጀመሪያው ምርመራ ነፃ ነው ቢል ትኩሳቱ ካልበረደ በ12 ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ይደገም በሉ። ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ፓራሲታሞል እንጂ አይቡፕሮፌን አትስጡት።