ከእሳት የተመለሰው ሰው

ነፍስን ስለ ወዳጅ ስለ መስጠት የሚናገረውን ዮሐንስ 15፥13ን ስናነብ፣ ቶሎ ትዝ የሚለን የሞተው ሰው ነው። ከሆሎዌይ ብዙ በማይርቀው የኪንግስ ክሮስ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1987 በተነሣው እሳት 31 ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱ አንዱ የሶሆ እሳት አደጋ ጣቢያ ኃላፊ ኮሊን ታውንስሊ ነበር። ስሙን በክብር እናነሣለን፤ ይገባዋልም።

ግን ልጠይቃችሁ። በዚያ ምሽት ገብተው በሕይወት የወጡትስ? ዕድሜውን ሙሉ እሳት ሲያጠፋ ኖሮ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ በልጆቹ መካከል በአልጋው ላይ ያረፈ ሰው ፍቅሩ ያንሳል?

አብርሃምን አስቡ። ይስሐቅ ከተራራው በሕይወት ወረደ፤ ዕብራውያን 11፥17 ግን መሥዋዕቱን እንደ ቀረበ ይቆጥረዋል። በሕይወት መመለስ የእግዚአብሔር ምሕረት ነው፤ የሰጡትን አይቀንስም።

በሆርንሲ ሮድ ያለው የሆሎዌይ ጣቢያ ደወል በተደወለ ቁጥር የሚወጡትም መመለሳቸውን አያውቁም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ሲያርፍ፣ ባልደረቦቹ አብሯቸው ይገባ ስለ ነበር ያለቅሱለታል፤ ቤተ ሰቡ ደግሞ ሁልጊዜ ይመለስላቸው ስለ ነበር። ፍቅሩ ግን አንድ ነው።

ወገኔ ሆይ፣ አንተም በሆስፒታል ወይም በኬር ሆም ሌሊቱን ቆመህ የምታነጋ፣ ሕይወትህን በአንድ ቀን አልሰጠህም፤ በየፈረቃው ግን እየሰጠህ ነው። ጌታ ያያል። እኛም እንይ። በጎረቤትህ ላለው ጡረተኛ ያለህን ምስጋና ለለቅሶው ቀን አታቆየው፤ ዛሬ በሩን አንኳኩተህ በቁሙ ንገረው።

ጌታ ይባርካችሁ።