ፍርዱ የማን ነው?

ብዙ ሰው የወደደው ሥራ ሁሉ መልካም ነው ወይ? ጥያቄው አሮጌ ነው፤ እስቲ በአንድ የጃፓን መጽሔት ታሪክ እንመዝነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 ሹኤይሻ የተባለው አሳታሚ «ሾኔን ጃምፕ» የተሰኘ የታዳጊ ወንዶች መጽሔት አወጣ። ይዘቱ ጃፓኖች ማንጋ የሚሉት በሥዕል የሚተረክ ታሪክ ነው። በዓመቱ ሳምንታዊ ሆነ። ገበያውን ግን ከ1959 ጀምሮ «ሾኔን ማጋዚን» እና «ሾኔን ሰንደይ» ይዘውታል፤ ስመ ጥር ሠዓሊዎችም የእነሱ ናቸው። ታዲያ ጃምፕ ምን ያድርግ? ስም ያላወጡ ወጣቶችን ሰበሰበ፤ ዳኝነቱንም ለአንባቢው ሰጠ። ልጁ የወደዳቸውን ሦስት ታሪኮች በፖስት ካርድ መርጦ ይልክ ነበር። ድምፅ ያጣ ታሪክ በአሥር ሳምንት ገደማ ሊቀጭ ይችላል።

አሠራሩ ፍሬ አላፈራም አይባልም። የአኪራ ቶሪያማ «ድራጎን ቦል» በ1984 ተጀምሮ ድምፁ ሲቀንስበት፣ የፍልሚያ ውድድር ገባበትና አንባቢውን መለሰ። በ1994 መጨረሻ የመጽሔቱ አንድ እትም 6.53 ሚሊዮን ቅጂ ደረሰ።

«ልጅን ሐሳቡን ማን ጠይቆት ያውቃል? እዚህ ግን ተጠየቀ፤ ተሰማም» የሚል ይኖራል። እሱማ እውነት ነው። ነገር ግን «ድራጎን ቦል» በ1995፣ «ስላም ደንክ» በ1996 ሲያበቁ ቅጂው አሽቆለቆለ፤ በ1997 «ሾኔን ማጋዚን» ቀደመው። ፖስት ካርዱ የት ሄደ? የትም አልሄደም። ካርድ የታየውን ይመርጣል እንጂ ያልታየውን አይወልድም። በዚያው ዓመት የኤይቺሮ ኦዳ «ዋን ፒስ» ሲወጣ፣ «ይህ ይውጣ» ያለ ሰው ነበረ።

እኔን የሚከነክነኝ እዚህ ላይ ነው። አንባቢ «አልጣመኝም» የማለት ሙሉ መብት አለው። አዘጋጅ ግን አንድን ሥራ ካቋረጠ በኋላ «እኔ ምን ላድርግ፣ ድምፅ አጣ» ካለ፣ ከኃላፊነት ሸሸ። ቆጠራ ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ዳኛ አይደለም። የብዙኃኑን ድምፅ መስማት ግዴታ ነው፤ ከድምፁ ጀርባ መደበቅ ግን ፍርሃት ነው።

እናንተስ፣ ጓደኞቼ? ይህች ጽሑፍ ካልጣመቻችሁ በሉኝ። ብቻ ለምን እንደሆነ ጨምሩበት፤ ቁጥር ለምን እንደሆነ አይናገርምና።