ለጥቂቶች የምትሄድ መርከብ

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ከአሶን ተነሥቶ በሚጢሊኒ፥ በኪዩና በሳሞን በኩል አልፎ ወደ ሚሊጢን እንደ ደረሰ፥ ከዚያም ቆስንና ሩድን ነክቶ ወደ ጳጥራ እንደ ተሻገረ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 እና 21 ተጽፎ እናገኛለን። እነዚህን ስሞች በመምህራችን እግር ሥር ተቀምጠን ስንማር በቃላችን አጠናናቸው እንጂ መልካቸውን አናውቀውም ነበር። የደሴቶቹን ስም ይዞ መሻገሪያቸውን ሳያዩ መተርጐም ምን ያህል እንደሚያጐድል የተረዳሁት፥ የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ በአቴና የሚኖር አንድ የአገራችን ልጅ ጋብዞኝ ወደ ፍጥሞ ደሴት በሄድሁ ጊዜ ነው።

ፍጥሞ የአይሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት ጳጳሱም ነጋዴውም የሚደርስባት በመርከብ ነው። እኛም ከፒሬዎስ ወደብ ማታ ተሳፈርን። መርከቢቱ አፏ በስተኋላዋ ነው፤ ታላቅ የብረት ድልድይ ከዚያ ወደ ወደቡ ይወርድና የጭነት መኪናውም፥ እግረኛውም፥ ሻንጣ ጐታቹም በአንድነት ይገባሉ። መኪናዎቹ በሆዷ ውስጥ ከተደረደሩ በኋላ መርከበኞቹ ጐንበስ ብለው እያንዳንዱን የጭነት መኪና በሰንሰለት ከወለሉ ጋራ ያስራሉ። በሬ የሚጠምዱ ይመስላሉ። ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደ ሆነ ጠየቅሁና፥ ያ የአገራችን ልጅ የሚከተለውን ነገረኝ።

እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በታኅሣሥ 8 ቀን 1966፥ በእኛ በኅዳር 29 ቀን 1959 ዓ.ም.፥ «ኢራክሊዮን» የምትባል መርከብ ከቀርጤስ ወደ ፒሬዎስ ስትጓዝ ማዕበል ተነሣባት። በውስጧ የነበረ አንድ ከባድ የጭነት መኪና ከስፍራው ተላቀቀና የመጫኛ በሯን ሰበረው፤ ባሕሩም በዚያ ገባ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ይህን ስሰማ የቆምሁበት ወለል ከእግሬ ሥር የከዳኝ መሰለኝ። መርከብ የቤተ ክርስቲያን ምሳሌ ናት ብለን እናስተምራለን፤ አንድም የሰው ልቡና ምሳሌ ናት። እኛ ግን ስናስተምር ሁልጊዜ የምንፈራው የውጭውን ማዕበል ነው። ያችን መርከብ ማዕበሉ ቢመታትም በሯን የሰበረው በገዛ ሆዷ የያዘችው ሸክም ነበር።

ሌላም አለ። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በመስከረም 26 ቀን 2000 «ኤክስፕረስ ሳሚና» የተባለች መርከብ በፓሮስ ደሴት አጠገብ ከዐለት ጋራ ተጋጭታ ሰጠመች፤ ከ80 በላይ ሰዎችም አለቁ። ቀኑን ወደ እኛ ብትመልሱት መስከረም 16 ቀን 1993 ዓ.ም.፥ የደመራ ዕለት ማታ ነው። ዐለቱ በካርታ የተመለከተ፥ መብራትም የተደረገበት ነበር። ስለዚህ ነገር ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን በሙታን ላይ ስብከት ማብዛት አልወድም።

በሌሊት ከፍጥሞ ደረስን። ከመድረሳችን በፊት ሕዝቡ ዕቃውን ይዞ በብረቱ በር ፊት ቆሞ ነበር፤ መርከቢቱ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለምትቆም ተኝቶ የተገኘ ሰው ወደማያውቀው ደሴት ይወሰዳል። በነጋታው ዮሐንስ ወልደ ነጎድጓድ ራእዩን አየበት ወደሚባለው ዋሻ ወጣን። ከዋሻው በላይ በ1088 ክሪስቶዱሎስ የተባለ መነኵሴ የመሠረተው ገዳም እንደ አምባ ሆኖ ቆሟል። በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ከእነርሱ ጋራ ብንለያይም፥ መነኮሳቱ በአክብሮት ተቀብለውናል።

በዋሻው ደጃፍ ቆሜ ባሕሩን ስመለከት፥ ብዙ ዓመት ያስተማርሁት አንድ ቃል እንደ አዲስ ተከፈተልኝ። ወንጌላዊው በራእዩ ምዕራፍ 21 አዲሱን ሰማይና አዲሱን ምድር ካየ በኋላ፥ ባሕር ዳግመኛ እንደማይኖር ይናገራል። መምህሮቻችን ባሕር የተባለው ይህ ዓለም ነው፥ አንድም መከራ ነው ይላሉ። መልካም ነው። ነገር ግን ለግዞተኛው ዮሐንስ ባሕር ማለት አስቀድሞ ከኤፌሶን ምእመናን የለየው ውኃ ነበር። ግድግዳው እርሱ ነው፤ ዘበኛውም እርሱ ነው። ልጆቹን የሚናፍቅ አባት ባሕር የሌለበትን አገር ቢያይ ምን ይደንቃል!

ከፍጥሞ ወደ ትናንሾቹ ደሴቶች ለመሻገር አስበን ሳለ ከሰሜን የሚነፍሰውና እነርሱ «መልቴሚ» የሚሉት የበጋ ነፋስ በረታ። ነፋሱ በቦፎርት መለኪያ 8 ገደማ ሲደርስ እንደ መርከቡ ዓይነት እየተለየ መነሣት ይከለከላል። ሁለት ቀን ተቀመጥን። እኔ እያጕረመረምሁ በወደቡ እመላለስ ነበር፤ የአገሩ ሰዎች ግን በዕቃቸው ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ። በሁለተኛው ቀን ማታ ነፋሱ በረደ፤ ክልከላውም ተነሣ። ማንም እስኪነጋ እንቈይ አላለም፤ መርከቢቱ በዚያው ሌሊት ተነሣች።

የተሳፈርንባት ትንሽ መርከብ ሊፕሲን፥ አርኪንና አጋቶኒሲን የምታገለግል ናት። አጋቶኒሲ ሁለት መቶ የሚያህል ሰው ይኖርባታል፤ በአርኪ ያለው ከመቶም ያነሰ ነው። ከእንዲህ ያለ ጕዞ ትርፍ ስለማይገኝ መንግሥት ለመርከቡ ባለቤቶች ገንዘብ እየከፈለ ያስኬደዋል። ግሪኮች ይህን ዓይነቱን መንገድ «አጎኒ ግራሚ» ይሉታል፤ የማይወልድ፥ መካን መስመር ማለት ነው። ሐናንና ኤልሳቤጥን የሚያውቅ ሰው ይህን ስም ሰምቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻለውም።

አርኪ ስንደርስ ጎሕ ሊቀድድ ነበር። መርከቢቱ ዞረች፥ መልሕቋን ጣለች፥ በኋላዋ ወደ ወደቡ ተጠጋች፥ ያ ሁሉ የብረት ድልድይም እየጮኸ ወረደ። የወረደው ግን አንድ ሽማግሌ ነው። ሐኪም ዘንድ ቈይቶ የሚመለስ ነበርና መድኃኒቱን በፌስታል ይዟል። አንድ መርከበኛ ክንዱን ይዞ አሻገረው፤ ድልድዩም ተነሣ።

የተወደዳችሁ ምእመናን፥ በዚያ ጊዜ ፊቴን ከጓደኛዬ አዞርሁ። ክህነት በተቀበልሁ በሦስተኛው ዓመት፥ ከወንዝ ማዶ ያለችውን አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እንዳገለግል ታዝዤ ነበር። ምእመናኑ አሥራ አንድ አባወራ ናቸው። ለቅዳሴ የሚበቃ ካህንና ዲያቆን አይሟላም፤ ለካህኑም የሚተርፍ የላቸውም። አንድ የክረምት ቀን አንዲት እናት ታመው ሥጋ ወደሙን ልቀበል ብለው ላኩብኝ። ወንዙ ሞልቷል ብዬ መልእክተኛውን መለስሁት። ጧት በእውነት ሞልቶ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ጐድሎ ከብቶች ሲሻገሩ ከደጄ ቆሜ አይቻለሁ። ለጥቂት ሰው ምን አደከመኝ ብዬ ተቀመጥሁ። እናታችን በዚያች ሌሊት ዐረፉ።

ይህን ለንስሓ አባቴ ነግሬአለሁ፤ ቀኖናዬንም ፈጽሜአለሁ። አሁን በዚህ ገጽ የጻፍሁት፥ እንዲህ ያለ ማዶ ያላቸው ወንድሞቼ ካህናት ብዙ መሆናቸውን ስለማውቅ ነው። ነፋሱ ሲነፍስ መቅረት ኀጢአት አይደለም፤ መርከቢቱም ቀርታለች። እኔን የሚከሰኝ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ነው።

ያች ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለች። በዓል እየተጠበቀ ብቻ ትከፈታለች ይላሉ። ከጕዞዬ እንደ ተመለስሁ፥ በየወሩ አንድ እሑድ እየሄድሁ እንዳገለግል ይፈቀድልኝ ዘንድ ለደብሩ አስተዳዳሪ ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ አብረውኝ የሚሄዱ ሁለት ዲያቆናትም አግኝቻለሁ። አንድ ካህንና አንድ ዲያቆን ይቀሩናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።