በ«ምናልባት» መሥራት ይገባልን?

ብዙ ወጣቶች ዕውቀት ማለት ቍርጥ ያለ ነገር ነው ብለው ያምናሉ። «ይህ ይሆናል» ካልተባሉ በቀር እጃቸውን አያነሡም፤ «ምናልባት» የሚላቸውንም ሰው እንደ ጠንቋይ ይቈጥሩታል። እኔ ግን በምናልባት ላይ የቆመ ዕውቀት ከባድ ግዴታ ሊጥልብን ይችላል እላለሁ። ማስረጃዬንም የማመጣው ከባሌ ተራሮች ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ አውሬ ነው። ዛሬ በሕይወት ያሉት ጎልማሶች 500 አይሞሉም፤ ከነርሱም ከእኩሌታ የሚበልጡት በባሌ ደጋ ፍልፈልና አይጥ እያደኑ ይኖራሉ። ይሁን እንጂ በአንድነት አይኖሩም። ጥቂቶቹ በወብ ሸለቆ፣ ጥቂቶቹ በሞረባዋ፣ ጥቂቶቹ በሳነቴ ተከፋፍለው ሲኖሩ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያሻግራቸው ጠባብ መተላለፊያ ነው። የእብድ ውሻ በሽታም ከሰው ውሾች ወደ እነርሱ ሲገባ በዚያው መተላለፊያ ይሻገራል። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1991 እና በ1992 ብዙዎችን ፈጀ፤ በ2003 ተመልሶ መጥቶ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ገደለ።

የትኛው ቀበሮ ነገ እንደሚታመም ሊቃውንቱም አያውቁም። ነገሩ እንደ ዕቁብ ነው፤ ዛሬ ዕጣው ለማን እንደሚወጣ ዳኛው አያውቅም፣ ስንት ዕጣ እንዳለ ግን ያውቃል። ስለዚህ ከቀድሞው ወረርሽኝ የተገኘውን ቍጥር ይዘው ሸለቆዎቹን ከነመተላለፊያቸው በኮምፒዩተር አስቀመጡ፤ ይገናኛሉን? ይታመማሉን? ይሞታሉን? እያሉም ዕጣ ጣሉ፤ ታሪኩንም ከመጀመሪያው ደጋግመው አስኬዱት። አንዳንዴ በሽታው በአንድ ሸለቆ ከሰመ፤ አንዳንዴ ኹሉን አዳረሰ። ሳንቲም አራት ጊዜ ብትወረውር አራቱም ጎፈር ቢሆን አያስደንቅም፤ በአራት መቶ ግን ይህ አይሆንም። ጥቂት ነፍስ ያለበት ሸለቆም እንዲሁ በአንድ ክፉ ዕድል ባዶ ሊቀር ይችላል።

ዳንኤል ሄይደንና ባልደረቦቹ በ2006 ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት ውጤት እነሆ፦ አብዛኞቹን መከተብ ግድ አይደለም፤ በመተላለፊያዎቹ አካባቢ ጥቂቶቹን መከተብ ታላቁን እልቂት ያስቀራል። ትንንሹን ግን አያስቀርም።

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን ሰምተህ ልብህ ካልታወከ በደንብ አልሰማኸውም። ክትባቱን የያዘው ሰው በሽታው የገባበትን ሸለቆ፣ ገና ጤነኛ የሆኑትንም ጭምር ትቶ፣ ወደ መተላለፊያው ይሄዳል ማለት ነውና። ጭካኔ ነው ትለኝ ይሆናል። እኔ ግን አይደለም እላለሁ። ርኅራኄያችን ዐይን ወዳየው ይሮጣል፤ ሂሳቡ ግን ከመተላለፊያው ወዲያ ያሉትን፣ ማንም ገና ያላለቀሰላቸውን ያሳየናል። እነርሱም ነፍስ አላቸው።

ሆኖም ሂሳቡን ከልክ በላይ ላመሰግነው አልወድም። እርሱ የሚናገረው በየትኛው መንገድ ብዙ ሊተርፍ እንደሚችል ነው፤ ትንሹን እልቂት እንታገሥ ብሎ የፈረደው ሰው ነው፣ ፍርዱንም በኮምፒዩተሩ ማሳበብ አይገባውም። በ2003 እነዚያ ሠራተኞች በብርዱ ደጋ ቀበሮዎቹን እየያዙ ከተቡ፤ ወረርሽኙም መላውን ባሌ ሳያዳርስ ቆመ። ከተከተቡት መካከል ክትባቱ ያዳነው የትኛውን እንደ ሆነ፣ ያለ ክትባትም ይተርፍ የነበረው የትኛው እንደ ሆነ ግን ማንም ለይቶ ሊያሳይ አይችልም።