ስለ መምህር ታማኝነት



ማለዳ በጎዳና ቆመህ ብትመለከት፥ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የሚገሠግሠውን ወጣት ታያለህ። ይህ ወጣት አእምሮውን ለመምህሩ አደራ ሊሰጥ ይሄዳል። እንግዲህ በክርስቶስ የሚያምን መምህር ይህን አደራ እንደ ምን ይጠብቅ? አንዳንዱ ሃይማኖትና ምርምር እሳትና ጭድ ናቸው ይላል፤ ሌላውም ያመነ መምህር ተማሪውን ወደ ራሱ እምነት መጎተት ይገባዋል ይላል። ሁለቱም ስተዋል።

የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የቆየ ትምህርት እንዲህ ነው፤ እምነትም አእምሮም የአንድ አምላክ ስጦታ ናቸውና እውነት ከእውነት ጋራ አይጣላም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1274 ዓ.ም. ያረፈው ቅዱስ ቶማስ ዘአኵኖ አንድን ነገር ሲመረምር አስቀድሞ የተቃዋሚውን ክርክር ያኖር ነበር፤ የራሱን መልስ የሚሰጥ ከዚያ በኋላ ነው። ከክርስትና ውጭ ከነበሩትም፥ ከአርስጣጣሊስ፥ ከኢብን ሲናና ከኢብን ሩሽድ፥ መማርን አላፈረም።

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከአምሐራ ምድር የወጣው ካቶሊካዊው ካህን አባ ጎርጎርዮስ በ1649 ዓ.ም. በሮም ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋራ ተገናኘ፤ በ1652 ዓ.ም. ደግሞ ጎታ ወደምትባል ከተማ ተጠርቶ ሄዶ ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋና ታሪክ አስተማረው። ሉዶልፍ ሉተራዊ ነበረ፥ ሉተራዊም ሆኖ ሞተ፤ ካህኑ ግን የሚያውቀውን አልነፈገውም። በ1681 ዓ.ም. የታተመው የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ ከዚያ ልግስና የተገኘ ፍሬ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ የራሳችንንም በደል አንሰውር። በ1622 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ፥ በፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ዘመን ሕዝቡ በግድ ሥርዓቱን እንዲለውጥ ተደረገ። ደም ፈሰሰ። በ1632 ዓ.ም. ንጉሡ የአባቶችን ሃይማኖት መለሱ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። በሰይፍ የተደገፈ ትምህርት የተማሪውንም ልብ የመምህሩንም ስም አጠፋ።

የዚያው ማኅበር ሰዎች ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ከካናዳ ተጠርተው መጡ። በ1945 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ተረከቡ፤ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን አቋቋሙ። ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ተስማምተው፥ የካህን ልብስ ሳይለብሱ አስተማሩ። ያ ኮሌጅ አድጎ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤትም ከክፍሎቹ አንዱ ሆኗል። ታዲያ ስብከት ከከለከሉት መምህር ዘንድ ሃይማኖቱ ወዴት ይገኛል? በሥራው ታማኝነት ይገኛል።

መምህር ሆይ፥ የማታውቀውን አላውቅም በል። ከአንተ የሚለየውን ሰው ሐሳብ እርሱ ራሱ ቢሰማ ትክክል ነው እስኪል ድረስ አስተካክለህ አስረዳ። ማርክን በገንዘብም በዝምድናም አትሽጥ፤ የድኻውን ልጅ ወረቀት እንደ ባለጠጋው ልጅ ወረቀት መርምር። ተማሪ ሆይ፥ የሌላውን ድካም ገልብጠህ ስምህን አትጻፍበት፤ በስርቆት የተገኘ ዲፕሎማ በአደባባይ ቢያስከብርህም በኅሊናህ ፊት ይከስስሃል። ሒሳብ መርማሪ ሆነህ የሐሰት መዝገብ በቀረበልህ ቀን፥ በፈተና ክፍል የተለማመድኸው ያን ጊዜ ይገለጣል።

ጌታችን በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በቤተ መቅደስ በሊቃውንት መካከል ተቀምጦ ይሰማና ይጠይቅ ነበር። ጥበብ ሁሉ የእርሱ ሲሆን መስማትን ካልናቀ፥ እኛ መስማትን ስለ ምን እንንቃለን? ዛሬ ወደ ክፍልህ ስትገባ ይህን አስብ። እግዚአብሔር ለሚያስተምረውም ለሚማረውም እውነትን የሚወድ ልብ ይስጥ፤ አሜን።